ለሩጫ ሙዝ፣ ለወንበር ምስር

ክብደት ልቀንስ ብሎ የተነሳ ሰው ከቤቱ መጀመሪያ የሚያባርረው ካርቦሃይድሬትን ነው። ዳቦው ይቀራል፣ ሩዙ ይቀራል፣ ድንች ደግሞ ስሙም እንዳይነሳ ይደረጋል። በሳምንቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ቀንሶ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አሁን እዚህ ደረጃ ላይ ናት። ምሳ ሰዓት ሳህኔ ውስጥ ያለውን ድንች አይታ ከንፈሯን ትመጥጥልኛለች፣ ሰው የሞተብኝ ይመስል።

እኔ ደግሞ እሮጣለሁ። ሯጭ የሚባል ማዕረግ ሳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውላ አመሻሽ ላይ ጫማዋን አስራ የምትወጣ፣ አርባን የተሻገረች ሴት ሩጫ። መሮጥም እፈልጋለሁ፣ ቦርጬም እንዲሄድልኝ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ፍላጎቶች ሳህን ላይ ሲገናኙ አንደኛው «ብዪ» ይላል፣ ሌላኛው «ተዪ»። እነሱን ሳስታርቅ የያዝኩት አቋም ይሄ ነው፦ አንድ ካርቦሃይድሬት ጥሩ ነው መጥፎ ነው ከማለቴ በፊት ሰዓቱን እጠይቃለሁ። ልሮጥ ነው ወይስ ልቀመጥ?

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ያቺን የመጀመሪያ ሳምንት ሁለት ኪሎ እንጨርሳት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእሷ ነውና። ከካርቦሃይድሬት የሚገኘው ግሉኮስ ወዲያው ካልተፈለገ ግላይኮጅን ሆኖ ይቀመጣል። ጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም፣ ጡንቻ ውስጥ ደግሞ እንደ ሰውየው ግዝፈት ከ300 እስከ 500 ግራም ይሆናል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ዳቦና ሩዝ በአንድ ጊዜ ሲቆሙ ግላይኮጅኑ እየተመናመነ ይሄዳል፣ ይዞት የነበረው ውሃም በሽንት ይወጣል። ግማሽ ኪሎ ግላይኮጅን ከነውሃው ሁለት ኪሎ መሆኑን አስሉት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በአንጻሩ 7,700 ካሎሪ ያህል ይዟል። በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ስብ ለማቃጠል በየቀኑ 2,200 ካሎሪ ማጉደል ያስፈልጋል፤ ለብዙ ሴት ያ ማለት ሳምንቱን ሙሉ ምንም ሳይቀምሱ መክረም ነው። ባልደረባዬ አልጾመችም። አይብ ስትበላ አይቻታለሁ፣ በደንብ።

ይሄን የምለው ካርቦሃይድሬት መቀነስ አይሠራም ለማለት አይደለም። በ2018 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት 609 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ቅባት፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እየቀነሱ አንድ ዓመት ቆዩ። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ። በስታቲስቲክስ ዓይን ልዩነት አይባልም። እኔን የገረመኝ ለሁለቱም ወገን የተነገራቸው ነገር ነው፦ ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሱ፣ አትክልት አብዙ፣ በተቻለ መጠን ቤት አብስላችሁ ብሉ። ስለዚህ ባልደረባዬ በመንገዷ ትሂድ። እሷ ግን አትሮጥም።

ለሚሮጥ ሰው ነገሩ የሚለየው በጡንቻ ጠባይ ነው። ጡንቻ ንፉግ ጎረቤት ነው፤ ያጠራቀመውን ግላይኮጅን ለማንም አያበድርም። ግሉኮሱን መልሶ ወደ ደም የሚያወጣበት ኢንዛይም ስለሌለው እግር ውስጥ ያለው እግር ውስጥ ያልቃል። ለአንጎልና ለሌላው የሚያከፋፍለው ጉበት ነው። በዚህ ላይ በጣም የምወደው ሙከራ በ1966 የታተመው የስዊድናውያኑ ነው። ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የቆመ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀመጡና እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ ፔዳሉን መቱ፣ ያ እግር እስኪዝል ድረስ። ሌላው እግር ቁጭ ብሎ ያያል። ከዚያ ለሦስት ቀን በካርቦሃይድሬት የተሞላ ምግብ እየበሉ ከሁለቱም ጭናቸው በመርፌ ቅንጣት ሥጋ አስወስደው ለኩ። የደከመው እግር ካረፈው እግር እጥፍ ያህል ግላይኮጅን ይዞ ተገኘ። ያው ሰው፣ ያው ምግብ፣ ያው ደም፤ የተለየው ሥራው ብቻ ነው።

እና ሩጫ ከሮጥኩ በኋላ የምበላው ሩዝና ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምበላው ሩዝ አንድ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። የሠራ ጡንቻ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ካሎሪው አይጠፋም፣ ይቆጠራል፤ ግን መግቢያ አለው። በቀን አንዴ ለሚሮጥ ሰው መጣደፍ እንኳ አያስፈልግም፤ ጡንቻው እስከ ነገ ድረስ ተረጋግቶ ይሞላል። ሩጫው እንዳበቃ በሰላሳ ደቂቃ ውስጥ ካልበላችሁ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው የሚለው ወሬ በቀን ሁለቴ ለሚሠለጥኑ ሰዎች ከሚሰጥ ምክር ተቦጭቆ የመጣ ነው። እኔ ሮጬ፣ ታጥቤ፣ ትንሽ ተጋድሜ ነው እራቴን የምበላው።

ከሩጫ በፊት ያለው ሰዓት ግን ትንሽ ይጠነቀቁለታል። አሰር (ፋይበር) የበዛበት ምግብ ከሆድ ቶሎ አይወጣም፤ ስንሮጥ ደግሞ ደሙ ወደ እግር ስለሚያደላ ሆድ ሥራውን ያዘገያል። በጤና ጽሑፍ ሁሉ የሚሞገሰው ቦሎቄ ከሩጫ አንድ ሰዓት በፊት ከተበላ ከእናንተ ጋር ነው የሚሮጠው፣ እየዘለለ። በዚያች ሰዓት ለእኔ የሚሆነኝ ያ ሁሉ ሰው የሚሰድበው ዓይነት ነው፦ አንድ የበሰለ ሙዝ፣ ወይም አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ማር ተቀብቶ። መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና 105 ካሎሪ አለው። ቶሎ ይፈጫል፣ ሆድ ባዶ ይሆናል፣ እግር ቀለል ይላል። ነጭ ዳቦ በዚያች ሰዓት ጤናማ ነው፤ ይሄን በድፍረት እጽፋለሁ።

«በባዶ ሆድ ብትሮጪ ስብ ታቃጥያለሽ» ይሉኛል። በሩጫው ወቅት አዎ፣ ሰውነት ወደ ስብ ያደላል። በ2014 በወጣ ጥናት ግን 20 ወጣት ሴቶች ካሎሪ እየቀነሱ ለአራት ሳምንት ሲሠሩ፣ ግማሾቹ በባዶ ሆድ ግማሾቹ በልተው፣ ሁለቱም ወገን ቀነሰ፣ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልታየም። ሰውነት በቀኑ ውስጥ ሂሳቡን ያስተካክላል። ባዶ ሆድ የሚመቸው ይሩጥ። እኔ ሳልበላ ስወጣ ገና ሳልጀምር ቤቴ ይናፍቀኛል።

ከአንድ ሰዓት ለማያልፍ እንቅስቃሴ ባለቀለም የስፖርት መጠጥ አያስፈልግም። ግማሽ ሊትሩ ብዙ ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም 120 ካሎሪ ይይዛል። ሩጫ በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በኪሎ ክብደት አንድ ካሎሪ ይፈጃል፤ 65 ኪሎ የምትመዝን ሴት 4 ኪሎ ሜትር ሮጣ 260 ካሎሪ ታወጣለች። ጠርሙሱን ስትጨርስ ግማሽ ያህሉን መልሳ ጠጣችው። ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ለሚሮጥ ግን ሌላ ነው፤ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ እንደሚረዳ የታወቀ ነው። አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር፦ በ2004 በታተመ ሙከራ ብስክሌተኞች ካርቦሃይድሬት ያለበትን መጠጥ አፋቸው ውስጥ አጉመጥምጠው ሲተፉት እንኳ ሰዓታቸውን በ3 በመቶ ያህል አሻሽለዋል። ምግቡ ሆድ ሳይገባ አንጎል በምላስ በኩል «መጣ» ተብሎ ሰምቷል ማለት ነው። አጉመጥምጦ መትፋት ለክብደት ቀናሽ ሰው የተፈጠረ ዘዴ ይመስላል፣ ግን መንገድ ላይ ሲያዩት አያምርም።

አሁን ወደ ወንበሩ። ቀኔ ውስጥ የሚበዛው ሰዓት የወንበር ነው፤ ክብደቴም የሚወሰነው እዚያ ነው። በዚህ ሰዓት ካርቦሃይድሬቱን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እስከሚቀጥለው ምግብ ያደርሰኛል ወይ? ሰዎች እዚህ ላይ የሚጠቅሱት ግላይሴሚክ ኢንዴክስን ነው፤ ዴቪድ ጄንኪንስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1981 ከቶሮንቶ ያወጡት መለኪያ። ንጹህ ግሉኮስ 100 ይባልና ሌላው ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል እንደሚያወጣ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል፤ 55ና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 70ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ብቻውን ሲያዝ ግን ያሳስታል። ሐብሐብን ውሰዱ። ቁጥሩ ከ70 በላይ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ፈተናው የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት በሚያስገኝ መጠን ነው፣ እና ያን ያህል ለማግኘት ከ600 ግራም በላይ ሐብሐብ መብላት አለባችሁ። ማን ነው በአንድ ቁጭታ ይሄን የሚበላው? (አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ እጃችሁን አውጥታችኋል።)

እኔ የበለጠ የማምነው በ1995 ሱዛን ሆልትና ባልደረቦቿ ሲድኒ ላይ የሠሩትን ነው። 38 ምግቦችን እያንዳንዳቸው 240 ካሎሪ በሚሆን መጠን ለሰዎች አበሉና በየ15 ደቂቃው ለሁለት ሰዓት «ምን ያህል ጠግበሃል?» እያሉ ጠየቁ። ነጭ ዳቦ 100 ተባለ። በቅቤ የተነባበረው ክሮሳንት 47 አገኘ፣ የሁሉ መጨረሻ። አንደኛ የወጣውስ? የተቀቀለ ድንች፣ 323! ያ ከንፈር የሚመጠጥለት ድንች። ግላይሴሚክ ኢንዴክሱ ከፍተኛ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን 240 ካሎሪ ለመሙላት 280 ግራም ያህል የተቀቀለ ድንች መብላት ያስፈልጋል፣ ሆድም መጠኑን ያውቃል። ድንቹ የሚበላሸው ዘይት ውስጥ ሲገባ ነው፤ 100 ግራም የተቀቀለ 87 ካሎሪ ያህል ሲሆን ያው መጠን ጥብስ ከ300 ያልፋል።

የእኔ ድንች አሠራር እንዲህ ነው። ማታ ከነልጣጩ እቀቅለዋለሁ፣ ቢላ ሲገባበት ትንሽ የሚታገል ሆኖ አወጣዋለሁ፣ በርዶ ፍሪጅ ይገባል። ጠዋት ሳወጣው ጠንክሮ ይገኛል፤ ስቆርጠው ጥግ ጥጉ አይፈርስም። የሎሚ ጭማቂ፣ በስሱ የተከተፈ ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ጨው፣ ከቻልኩ የተቀቀለ እንቁላል። መብረዱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፦ የበሰለ ስታርች (ዱቄታማው ካርቦሃይድሬት) ሲቀዘቅዝ ከፊሉ እንደገና ይተሳሰርና ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችል ዓይነት ይሆናል፤ ታች ወርዶ የአንጀት ባክቴሪያዎች ይመገቡታል። ጥቂት ግራም ነው፣ ተአምር አትጠብቁ። ሩዝም እንዲሁ ነው፤ ሩዝን ግን ከድስቱ አውጥታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። ክፍል ውስጥ ሲያድር ማሞቅ የማይገድለው መርዝ የሚያመርት ባክቴሪያ ያፈራል።

ከድንች ቀጥሎ ምስር ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 8 ግራም አሰር፣ 9 ግራም ፕሮቲን፤ ካሎሪው 116 ያህል። ምሳ ላይ እሱን ስበላ ከሰዓት በኋላ መሳቢያዬን ከፍቼ ብስኩት ፍለጋ አልዳብስም። ጠዋት ላይ አጃ፤ ሲበስል ማንኪያው ላይ እንደ ሙጫ የሚዘረጋው ነገር ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር ነው፣ ጥጋቡን የሚያቆየው እሱ ነው። በስኳር ተሞልቶ በትንሽ ፓኬት የሚመጣውን አጃ ግን እለፉት።

ጭማቂን በተመለከተ አጭር ልሁን። በ1977 በታተመ ጥናት እኩል ካርቦሃይድሬት ያለው ፖም በሦስት መልክ ቀረበ፦ ሙሉውን፣ ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ። ሙሉው ከሁሉ በላይ አጠገበ፣ ጭማቂው ከሁሉ ባነሰ፣ ኢንሱሊንም በጭማቂው በኩል ከፍ አለ። ጥርስ ያለው ሰው ፖሙን ይብላ።

እና ዳቦ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ብዙ የምቆመው እሱ ፊት ነው። ቀለሙ ቡናማ፣ ላዩ ላይ የስንዴ ዘለላ ተስሎበታል፣ ጥቂት ፍሬ ተነስንሶበታል። ገልብጬ አነባለሁ። በአብዛኛው አገር የግብዓት ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ላይ «የስንዴ ዱቄት» ተብሎ «ሙሉ» የሚለው ካልተጨመረበት ነጩ ዱቄት ነው። ታች ወረድ ስል ካራሜል ቀለም። ቡናማነቱ የመጣው ከዚያ ነው! የምጠቀመው ሂሳብ ቀላል ነው፦ የካርቦሃይድሬቱን ግራም ለአሰሩ ግራም አካፍላለሁ። መልሱ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይገዛል። 45 ግራም ካርቦሃይድሬት ላይ 2 ግራም አሰር የያዘ ዳቦ፣ የፈለገውን ያህል ስንዴ ይሳልበት፣ ነጭ ዳቦ ነው። ነጭ ዳቦ ደግሞ ከሩጫ በፊት በርካሽ አገኛለሁ።

ግን አሰር ሁሉን አይፈታም። በ2019 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 20 ሰዎችን ክሊኒክ ውስጥ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዙ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ አበሏቸው። የቀረበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በቅባት፣ በአሰር፣ በካርቦሃይድሬት ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል ይብሉ ተባለ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፣ ፈጥነውም በሉ፤ አንድ ኪሎ ሊሞላ የቀረው ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ቁጥሮቹ እኩል ሆነው ሰውየው ግን እኩል አልበላም። ለዚህ ነው በግራምና በካሎሪ ቆጠራ የማልሞተው፤ አጃው አጃ፣ ምስሩ ምስር መምሰሉን ካየሁ ይበቃኛል።

ስንት ይበላ ለሚለው፣ የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ቀለል ላለ እንቅስቃሴ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 5 ግራም፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ገደማ በመጠኑ ለሚሠራ ከ5 እስከ 7 ግራም ካርቦሃይድሬት ይላሉ። ክብደት እየቀነሰ ያለ ሰው ወደ ታችኛው ጫፍ ቢያዘነብል ይሻለዋል፣ በማይሮጥበት ቀን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ቢል አይጎዳም። እኔ በሩጫ ቀን እራቴ ላይ ሩዝ ወይም ፓስታ ጭብጥ ያህል እጨምራለሁ፤ በዕረፍት ቀን ያችን ቦታ አትክልት ይይዛታል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ከሐኪሙ ሳይነጋገር እንዲህ ከፍ ዝቅ አያድርግ፤ የደም ስኳሩ በሩጫ መሀል ሊወርድበት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይላል። ከ10 ግራም ተነስታችሁ በአንድ ቀን እዚያ ለመድረስ አትሞክሩ። ምስርና ቦሎቄውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቦሎቄውን አሳድራችሁ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት፤ ነፋሱ ይቀንሳል። በቡድን የምትሮጡ ከሆነ ይቺን ምክር ሁለቴ አንብቧት።